ለኦፕራሲዮን መዘጋጀት ከተወኩል ይጋጫልን?

ሐኪም «ፅንሱ በመቀመጫው ነው የመጣው፤ በኦፕራሲዮን ትወልጃለሽ» ብሎ ቀን በቆረጠበት ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል «አላህ ያውቃል፤ ቀኑ ሲደርስ እናየዋለን» የሚል ነው። አላህ ማወቁ ጥርጥር የለውም። ግን ይህ ተወኩል ነው ወይስ ስንፍና? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመልን ማሰርና በአላህ መመካት እንደማይጣሉ ማስተማራቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል።

የዚህ ቀን ግመል ምንድን ነው ቢባል አንዱ ደም ነው። የእናቲቱ የደም ዓይነት አስቀድሞ ይታወቅ፤ ደም ቢያስፈልግ ከየት እንደሚገኝ ባል ቀደም ብሎ ከሆስፒታሉ ጋር ይነጋገር። ምግብን በተመለከተም ሐኪሙ ከቆረጠው ሰዓት በኋላ ምንም አትቅመስ። ሆድ ባዶ ካልሆነ ማደንዘዣ ሲሰጥ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና፣ «አቅም እንዲኖራት» ብለው አጥሚት በድብቅ የሚያቀብሉ እናቶቻችን ሳያውቁት አደጋ ያቀብሏታል።

ከሁሉ የከበደው ግን የፊርማው ጉዳይ ነው። ምጡ ድንገት ሲከፋ ባል በስልክ አይገኝም፤ አማት «ትንሽ ትታገስ፣ በራሷ ትወልዳለች» ይላሉ፤ ፅንሱ ደግሞ ኦክስጅን ካጠረው የሚጎዳው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ባካሄደው 18ኛ ጉባኤው፣ የእናቲቱን ወይም የፅንሱን ሕይወት ለማትረፍ ኦፕራሲዮን ግድ ሆኖ ሳለ ባልና ሚስት ወይም ከሁለቱ አንዳቸው እምቢ ቢሉ እምቢታው ቦታ እንደሌለው ወስኗል። የባል እምቢታ እንኳ ካልተሰማ የአማትና የጎረቤት ምን ሊባል ነው? ስለዚህ ባል ከወዲሁ፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ «አንቺና ሐኪሙ የወሰናችሁትን ተቀብያለሁ» ይበላት።

እህቶች አፍረው የማይጠይቁት ሌላ ነገር አለ። በሆድ በኩል የወለደች ሴት ኒፋስ አለባትን? ከማህፀን በተለመደው መንገድ የሚወጣው ደም ኒፋስ ነው፤ ከቁስሉ የሚወጣው ግን አይደለም። ደሙ ቶሎ ቆሞ ቁስሉ ገና ሳይደርቅ የትጥበት ግዴታ ቢመጣባትስ? አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትን ማስታወስ ይገባል። በጉዞ ላይ ራሱን በድንጋይ የተፈነከተ አንድ ሰው ትጥበት ግዴታ ሆነበትና ባልደረቦቹን ቢጠይቅ «ውሃ እያለ ተየሙም አይፈቀድልህም» አሉት፤ ታጥቦ ሞተ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ያለ እውቀት የፈረዱበትን ክፉኛ ገሠጹ። ስለዚህ ውሃ ቁስሏን የሚጎዳባት እናት የቀረውን አካሏን ታጥባ በቁስሉ ፈንታ ተየሙም ታደርጋለች፤ በፋሻው ላይ ስለ ማበስ ደግሞ መዝሀቦቹ ዝርዝር አላቸው። ይህን በአልጋ ላይ ሆና ከጠያቂዎቿ አፍ ከምትለቅም፣ ቀኑ ሳይደርስ ባሏ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኢማሙን ይጠይቅላት፤ አይፈር።