ጣርና ጥረት

ይህን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፊደል ከመቁጠራችሁ በፊትም ታውቁት ነበር። ቃሉ «ጣረ» ነው። «ጥሮ ግሮ ያድራል» ስትሉ ከእርሱ ወስዳችሁ ነው። በሽተኛ ጠይቃችሁ ስትመለሱ «ኧረ እሱስ ጣር ላይ ነው» ስትሉም ያው ከእርሱ ነው። ደብዳቤና ጋዜጣ ላይ ደግሞ «ጥረት» ሆኖ ታገኙታላችሁ። ታዲያ አንድ ቃል አንዴ ስለ ሥራ፣ አንዴ ስለ ሞት እንዴት ይናገራል? የሚጽፉ ሰዎችስ እንዴት ይጠቀሙበታል? ዛሬ የምንማረው ይህንን ነው።

ከምንጩ እንነሳ። በግእዝ «ጻዕር» የሚባል ቃል አለ። ጭንቅ፣ ሥቃይ ማለት ነው። ብዙ የግእዝ ቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ «ጸ» ወደ «ጠ» ይለወጣል። ጸጉር ጠጉር፣ ጾም ጦም፣ ጸሎት ጠሎት ይሆናል። በየቤታችን የምንናገረው እንዲህ ነው፤ ቋንቋው የሄደበት መንገድ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም። በዚሁ መንገድ ጻዕር «ጣር» ሆነ። መካከል ላይ የነበረችው «ዕ» በአነጋገር ጠፋች። «ጻዕረ ሞት» የነበረውም «ጣረ ሞት» ተባለ።

ይህ የጭንቅ ቃል ወደ ሥራ የተሻገረበትን ምክንያት ለማየት ዳገት ላይ ጆንያ እህል የተሸከመ ሰው ተመልከቱ። የአንገቱ ሥር ይገተራል። ትንፋሹ ይቆራረጣል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። መልኩን ብቻ ያየ ሰው ታሟል ሊል ይችላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ጣር በሰው ላይ ይመጣል፤ ጥረት ከሰው ይወጣል። ጣር የያዘው ሰው ወድዶ አልገባበትም። የሚጥር ሰው ግን ጆንያውን ራሱ አንሥቶ ነው የተሸከመው። ለዚህም ነው ልጃችንን «ጣር!» ብለን የምናዘው፤ ለሴት ልጅም «ጣሪ!» እንላለን። ትእዛዙና የሞት ጭንቅ ስም በጽሕፈት አንድ ዓይነት ናቸው። የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው።

ጥሩ ደራሲ ይህን ድንበር ያውቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚባለውን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። ከእናንተ ብዙዎቹ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምታችሁት ይሆናል። በመጨረሻው ላይ ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ በእግሯ ትወጣለች። የጌታ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ መንገድ አልለመደችም። ስታገኘው እሱ በመንገድ ላይ በወንበዴዎች ቆስሎ ሊሞት ነው። የእሷ ጥረትና የእሱ ጣር አንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው። እሷ መርጣ መጣች፤ እሱ ግን ሳይመርጥ መጣበት። አንባቢውን የሚያስለቅሰውም ይህ ይመስለናል።

ከጣር አጠገብ ሌላ ቃል አለ፤ «ምጥ»። ሁለቱም ጭንቅ ናቸው፤ ሁለቱም ያቃስታሉ። ነገር ግን ምጥ ሲያልፍ ልጅ ይወለዳል፤ ጣር ሲያልፍ ለቅሶ ይነሣል። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ «አገሩ በምጥ ላይ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ነገ መልካም ነገር ይወለዳል ብሎ ተስፋ ሰጥቶናል። «አገሩ በጣር ላይ ነው» ቢል ግን መቃብር አስቆፍሮናል። ችግሩ አንድ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ግን አንዲት ቃል መርጦ የነገሩን መጨረሻ አስቀድሞ ነገረን። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስታነቡ ቆም በሉ። ሰውየው መጨረሻውን በምን ዐወቀ? ማስረጃ ሰጥቷል ወይስ ቃሏን ብቻ ሰጥቶን አለፈ?

«ልፋት»ም አለ። ቆዳ ሲታሽና ሲረገጥ ለስልሶ «ለፋ» ይባላል። ሰውም እንደ ቆዳው ሲታሽ ሲውል «ለፋሁ» ይላል። ይህ ቃል ብዙውን ጊዜ ዋጋ ላላገኘ ድካም ይሆናል። «ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ሲሸከም ያድራል» ይባል የለም? በዚህ ተረት ላይ «ልፋ» በሚለው ቦታ «ጣር» ብንተካ ቀልዱ ይጠፋል። ጥረት ወደ አንድ ነገር ይሄዳል፤ ልፋት ግን የሚሄድበት ባይኖርም ልፋት ነው።

ስለ «ፍዳ» አንድ ነገር ብቻ እንበል። ፍዳ በግእዝ ለተሠራ ነገር የሚከፈል ብድራት ነው። አሁን «ገበሬው በድርቁ ፍዳውን አየ» ይባላል፤ በክፋት የሚለው የለም። ሆኖም የቃሉን ሥር ለሚያውቅ ሰው ገበሬው በድሎ የተቀጣ ይመስላል። ዝናብ በመጥፋቱ ምን በደለ? እኛ ብንሆን ሌላ ቃል እንፈልግ ነበር።

ሥረ ቃል ሲያጠያይቅ መዝገበ ቃላት ይገለጣል። አንዱን የግእዝ መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት። ሳይፈጽሙት ዐረፉ። ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተዉላቸው። ኪዳነ ወልድ ክፍሌም ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ። አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። መጽሐፉን በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ከዚያም በኋላ አልተቀመጡም፤ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ።

አሁን ወደ ላይ ተመልሳችሁ ስለ ሦስቱ ሰዎች የጻፍነውን እንደ ገና አንብቡ። «ጥረት» የሚል ቃል አለበት? የለበትም። «ጣሩ» አላልንም፣ «ለፉ» አላልንም። ጥረቱን ግን አያችሁት። ሰው የሠራው ሥራ በግልጽ ከተነገረ ቃሉ ባይጠራም ይታያል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «ያልተቆጠበ ጥረት» የሚለው አነጋገር በየጽሑፉ ነበር። ቀን ሲያርስ ውሎ ማታ በኩራዝ ብርሃን የተቀመጠ ገበሬ እርሳሱን እንደ ዕርፍ ጨብጦ ሲይዝ ወረቀቱ ይቀደድ ነበር። «ያልተቆጠበ ጥረት» በሚለው ውስጥ ግን ያ የተቀደደ ወረቀት አይታይም። ዛሬም «ችግሩን ለመፍታት ከፍተኛ ጥረት እየተደረገ ነው» የሚል እንሰማለን። ማነው ጥረት የሚያደርገው? ምን ሠራ? ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። ባለቤት የለውም። ላብ የሌለበት ጥረት ብንለው አናጋንንም።

ነገሩ እናንተን በቀጥታ የሚነካው ማመልከቻ ስትጽፉ ነው። ለምሳሌ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ምንጭ ለማጎልበት ጀምረዋል እንበል። ማመልከቻቸው እንዲህ ይላል፤ «ምንጩን ለማጎልበት ከፍተኛ ጥረት አድርገናል። ስለዚህ እርዳታ እንዲደረግልን እናመለክታለን።» ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ የሚሉ ወረቀቶች ተከምረዋል። ሁሉም ከፍተኛ ጥረት አድርገዋል። ሹሙ የትኛውን ያስቀድም?

ሌላው ማመልከቻ ደግሞ እንዲህ ይበል፤ «በጥር ወር 46 ሰዎች 12 ቀን ሙሉ ቆፈርን። ከእነዚህ ውስጥ 19ኙ ሴቶች ናቸው። ድንጋዩን በሸክም፣ አሸዋውን በአህያ አቅርበናል። ሲሚንቶና ቧንቧ መግዛት ግን ከአቅማችን በላይ ሆነ።» ሒሳቡን ሥሩት። 46 በ12 ሲባዛ 552 ነው። 552 የሰው ቀን ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው። ሹሙ ሄዶ ጉድጓዱን ማየት ይችላል፣ ድንጋዩን መቁጠር ይችላል። የጎደለው ምን እንደ ሆነም ዐውቋል። ይህን ማመልከቻ «ብዙ ጥረዋል» ብሎ ወደ ጎን ማስቀመጥ ያስቸግራል። ቢያስቀምጠውም እንኳ ሰዎቹ ተመልሰው ሲጠይቁ የሚይዙት ነገር አላቸው።

19ኙን ሴቶች ያስገባነው ለይምሰል አይደለም። «ገበሬው ጥሮ ግሮ ቤተሰቡን ያኖራል» የሚል ዓረፍተ ነገር በብዙ መጽሐፍ ላይ አለ። እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ውሃ የቀዳችው፣ እንጨት የለቀመችው፣ በአረም ጊዜ ጎንበስ ብላ የዋለችው፣ ማታ ደግሞ ምጣድ የጣደችው የት ገባች? ስለ እሱ ሲጻፍ «ጣረ» ይባላል፤ ስለ እሷ ሲጻፍ «አገዘችው» ይባላል። እንዴ፣ ከሁለቱ ማን ቀድሞ ተነሥቶ ማን መጨረሻ ተኛ? ቃል የሚያከፋፍል ሰው እንደ እህል አከፋፋይ ነው፤ ቁናውን አስተካክሎ መያዝ አለበት።

መልመጃ። ይህን ዓረፍተ ነገር ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ፤ «ልጆቻችንን ለማስተማር ብዙ ጣርን።» ከዚያ «ብዙ ጣርን» የሚለውን ሰርዙ። በእርሱ ቦታ በቤታችሁ የሆነውን ጻፉ። ምን ተሸጠ? ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከብቱን ማን ጠበቀ? ውሃውን ማን ቀዳ? መንገዱ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤታችሁ አንብቡለትና ምን እንደ ታየው ጠይቁት።