በጓሳና በአካባቢው ደጋ የሚሰጥ የአተነፋፈስ ልምምድ፦ ተሳታፊዎች ምን ሊጠብቁ ይገባል?

በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም ያነሰ ነው። የደጋው ነዋሪ አካል ግን ይህን ለምዶታል። በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ ሰዎች የተደረገ ጥናት የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ሕመምተኛን ትንፋሽ ሲያጥረው «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

የልምምዱ ጥቅምና ወሰን
ልምምዱ በጤና ባለሙያ መሪነት የሚከናወን ሲሆን፣ ከኮቪድ-19 አገግመው የትንፋሽ ማጠር ያልለቀቃቸውንና በጭንቀት የተያዙትን ይረዳል። ቫይረሱን አያጠፋም፤ ክትባትንም ሆነ ሕክምናን አይተካም።

ከመጀመሩ በፊት
ትኩሳት ወይም አዲስ ሳል ያለበት ሰው በቡድን ልምምድ አይገኝም። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንዲሁም ነፍሰ ጡር እናት ሁኔታቸውን አስቀድመው ለባለሙያው ይናገራሉ። የኩበትና የማገዶ ጭስ ካለበት ቤት ይልቅ ነፋስ የማይበረታበት ደጅ ይመረጣል፤ ጊዜውም የጠዋቱ ውርጭ ካለፈ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ተሳታፊዎች ቢያንስ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ይቀመጣሉ።

በልምምዱ ጊዜ
ተሳታፊው ባናውን ወይም ጋቢውን ላላ አድርጎ፣ ጀርባውን አቅንቶና ትከሻውን ዘና አድርጎ ይቀመጣል። አንድ እጁን በደረቱ፣ ሌላውን በሆዱ ላይ ያኖራል። ባለሙያው «አንድ፣ ሁለት» እያለ ሲቆጥር በአፍንጫው አየር ያስገባል፤ በዚህ ጊዜ ከፍ የሚለው በሆዱ ላይ ያለው እጅ ነው። ከዚያም ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣ እስከ አራት እየተቆጠረ ቀስ ብሎ ያስወጣል። ይህም የአየር ቧንቧዎች ቶሎ እንዳይዘጉና በሳንባ የቀረው አየር እንዲወጣ ያግዛል። ከአምስት ትንፋሽ በኋላ ዕረፍት ይደረጋል። ትንፋሽን በግድ አፍኖ መያዝ አያስፈልግም።

ምን ሊሰማ ይችላል?
ማዛጋት ወይም የመረጋጋት ስሜት የተለመደ ነው። ራስ ቢያዞር ወይም የጣት ጫፍ ቢነዝር፣ ተሳታፊው በፍጥነት ተንፍሶ ከሰውነቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ አስወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ልምምዱን አቋርጦ በተለመደው አኳኋን ሲተነፍስ ስሜቱ ይለቀዋል። ካልለቀቀው ለባለሙያው ይነግራል።

ወዲያውኑ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?
ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚያቅተው፣ ደረቱን የሚያመው፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ወይም የሚቃዥ ሰው ልምምዱን አይቀጥልም። መንገዱ ሩቅ ነው ተብሎ እስኪነጋ መቆየት አይገባም፤ ቤተሰብና ጎረቤት ተባብረው በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ያደርሱታል። ለምክር በነጻ የስልክ መስመር 8335 መደወል ይቻላል።