ሀይፐሪከም፦ ትርፉም ኪሳራውም ከመብራቱ

በጽጌረዳ እቅፍ መሐል ጣል ጣል ተደርገው የሚታዩት ቀይ፣ ሮዝና አረንጓዴ ፍሬዎች ለገዢው ማድመቂያ ናቸው። ለአበባ ነጋዴው ግን ራሳቸውን የቻሉ ሸቀጥ ናቸው። ፍሬውን የሚሰጠው ሀይፐሪከም የተባለ ቢጫ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ በባሌና በስሜን ተራሮች የሚበቅለው አሜጃም የዚሁ ወገን ነው።

ሀይፐሪከም በአውሮፓ የታወቀ የጓሮ ተክል ነው። «ሂድኮት» የሚባለው ዝርያ ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር ከሐምሌ እስከ መስከረም ያብባል። ይህ ወቅት ለእነርሱ የበጋ ማብቂያ ሲሆን በኢትዮጵያ ክረምት ነው። ተክሉ እዚያ ያለ ብዙ ድካም የሚያብብ በመሆኑ፣ እዚህም እንደዚያው ይሆናል ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣ ባለሀብት ሊሳሳት ይችላል።

ቀን የሚቆጥር ተክል

ለገበያ የሚመረቱት ዝርያዎች ለማበብ ረጅም ቀን ይፈልጋሉ። በሆላንድ በሰኔ አጋማሽ የቀኑ ብርሃን ከ16 ሰዓት በላይ ይቆያል። አዲስ አበባ ላይ ግን የዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም፤ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ተክሉ ቅጠል እያበዛ አበባ ሊነፍግ ይችላል፤ አበባ ከሌለ ደግሞ ፍሬ የለም። በመሆኑም በምሥራቅ አፍሪካ ያሉ አምራቾች በማሳው ላይ አምፖል ዘርግተው ሌሊት በማብራት ቀኑን ያስረዝሙለታል።

ወጪውን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ ባለ 15 ዋት አምፖል በየሌሊቱ 4 ሰዓት ቢበራ በ30 ሌሊት 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 500 አምፖል ከሆነ 900 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። በዚህ ላይ የአምፖልና የሽቦ ዝርጋታ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጄኔሬተር ነዳጅ ይጨመራል። መብራቱ ለተከታታይ ሌሊቶች ከተቋረጠ አበባው ሊዛባና ምርቱ ከታሰበው ቀን ሊዘገይ ስለሚችል፣ ጄኔሬተር ከዋናው ወጪ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ወጪው ግን በከንቱ አይደለም። በአውሮፓ ሜዳ ላይ የሚመረተው ሀይፐሪከም የሚደርሰው በበጋቸው ነው። ብርድ ሲገባ ሜዳው ባዶ ይሆናል። ከምድር ወገብ አቅራቢያ ያለ አምራች በዚያን ጊዜ ማቅረብ የሚችለው መብራት ስላለው ነው። የሚሸጠው ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ወቅቱንም ነው ማለት ይቻላል።

አተካከልና እንክብካቤ

ተክሉ የሚራባው ከቅርንጫፍ ቁራጭ ነው። ቁራጩ በጥላ ሥር፣ እርጥበት ሳይለየው ሥር እንዲይዝ ይደረግና ውኃ የማይቋጥር፣ ፀሐይ የሚያገኝ መሬት ላይ ይተከላል። አበባ የሚይዘው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ ምርት በኋላ ዝቅ ተደርጎ ይቆረጥና እንደገና ያቆጠቁጣል። ለገበያ የሚታጨደው ፍሬው ቀለሙን ሲይዝ ነው።

ዋነኛ ጠላቱ ዋግ ነው። ምልክቱ በቅጠሉ የታችኛው ገጽ ላይ የሚታይ ብርቱካንማ ዱቄት ነው። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ስለሚስፋፋ፣ ከላይ ከማርከፍከፍ ይልቅ የጠብታ መስኖ ይመረጣል። ተክሉን አራርቆ መትከልና የታመመውን ነቅሎ ማስወገድም ይረዳል።

ከውል በፊት

ብዙዎቹ የገበያ ዝርያዎች ባለቤት አላቸው። ጥበቃ ባለው ዝርያ ላይ አምራቹ ከችግኙ ዋጋ ሌላ ለአዳቃዩ የመብት ክፍያ ይፈጽማል። በኢትዮጵያም የዕፅዋት አዳቃዮችን መብት የሚመለከት አዋጅ አለ። ከጎረቤት ቁራጭ ወስዶ ማራባት ወጪ የሚቀንስ ቢመስልም፣ የተጠበቀ ዝርያ ከሆነ ዕቃው ውጭ ገበያ ላይ ሲደርስ ጣጣ ያመጣል።

ለግቢው ውበት የሚተክል ሰው ጥቂት ቢጫ አበባ ካየ ይበቃዋል፤ ቢዘገይበትም የሚከስረው የለም። ለገበያ የሚተክል ግን የችግኙን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የመብራቱን ሒሳብ ይያዝ።