ስለ አሳማ ርባታ፣ ስለ ምግብ ነጻነትና ስለ ባልንጀራ ሕሊና
ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት

ንባባት፦ ማር. 7፥14-23፤ የሐዋ. ሥራ 10፥9-35፤ ሮሜ 14፥13-21



በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ቁጥራችን ጥቂት በሆነ በእኛ በካቶሊካውያን ዘንድ አንድ ጥያቄ አልፎ አልፎ ይነሣል። ለሥራ ወደ ሌላ አካባቢ ሄዶ የቆየ ወንድም፣ በቢሾፍቱ ወይም በአዲስ አበባ ዙሪያ አሳማ አርብተው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ቤተሰቦችን አይቶ ይመለስና፣ «እኔስ ጥቂት አሳማ ባረባ ኃጢአት ይሆንብኛልን?» ይላል። ጎረቤቶቹ የእንስሳውን ስም እንኳ መስማት አይወዱም። መምህሩም የወንጌል ነጻነት በአንድ በኩል፣ የአገሩ ልማድ በሌላ በኩል ይዘውት ለመመለስ ይቸገራል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሚመስል፣ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምታስተምር፣ በመጨረሻም በጎንደር የሚኖር ክርስቲያን ምን ሊያደርግ እንደሚገባው እንመለከታለን።

1. የሥራው ድካም

አሳማ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን «እሪያ» የሚለው እንስሳ፣ 114 ቀን ያህል አርግዛ ስምንትም ዐሥርም ግልገል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ ትወልዳለች። አንድ ወይም ሁለት ግልገል ብቻ የምትወልደውን የደጋ በግ ለለመደ ገበሬ ይህ ታላቅ በረከት ይመስላል። ይሁን እንጂ በረከቱ ያለ ድካም አይገኝም። በወለደች ሌሊት የሚጠብቃት ከሌለ ስትተኛ ግልገሎቿን ትጨፈልቃለች፤ ስለዚህ ግልገሎቹ የሚሸሸጉበት የእንጨት አግዳሚ በጋጣው ግድግዳ ዙሪያ ይሠራል። ግልገሎቹ ብርድ አይችሉም፤ በደባርቅና በዳባት የሌሊት ቅዝቃዜ ደረቅ ጭድና መጠለያ ካላገኙ አይተርፉም። የእናታቸው ወተት የብረት ንጥረ ነገር ስለሚያንሰውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የብረት መርፌ ያስፈልጋቸዋል።

መኖውም ሌላ ችግር ነው። በግ በሣርና በገለባ ትኖራለች፤ አሳማ ግን ስለማያመሰኳ በዚህ ብቻ አይኖርም። ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የጠላ አተላ ወይም ከሆቴል የሚሰበሰብ ትርፍራፊ ይፈልጋል። የምታጠባ እናት በቀን 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ውኃ ልትጠጣ ትችላለች። የውኃ እጥረት ባለበት ከተማ ይህ ማለት በጀሪካን የሚመላለስ የእናትና የልጆች ጉልበት ነው።

በሽታውም ሊዘነጋ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት በአገራችን መግባቱ ታውቋል። ሰውን አይይዝም፤ ሕክምና ግን የለውም፤ መንጋውን በጥቂት ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ያልተቀቀለ ትርፍራፊ አንዱ መተላለፊያው ነው። ተለቆ የሚውልና ከሰው ዐይነ ምድር የሚበላ አሳማም ለሰው ጤና አደገኛ የሆነውን የኮሶ ትል እጭ በሥጋው ይሸከማል። በጋጣ መጠበቅ፣ መጸዳጃ ቤት መሥራት፣ ሥጋውን በሚገባ ማብሰል የግድ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በመጨረሻ ገበያ አለ። በጎንደር ገዢው ከጥንትም ጥቂት ነው። ከውጭ አገር የሚመጡ እንግዶችም ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በወረርሽኙና በጦርነቱ ምክንያት ተመናምነዋል። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ጌታችን አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። ጥበብም ከምግባራት አንዷ ናትና፣ የቤተሰቡን ጥሪት ገዢ በሌለው ሥራ ላይ ማፍሰስ በአምላክ መታመን ተብሎ አይጠራም።

2. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

የሙሴ ሕግ እሪያን ርኩስ ብሎታል (ዘሌ. 11፥7፤ ዘዳ. 14፥8)። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፉ የሚገባው ሳይሆን ከልቡ የሚወጣው ክፋት መሆኑን ገለጠ። የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍም (ቁ. 582) ጌታ የምግብን ሕግ እንዲህ እንደ ፈጸመው ያስረዳል። የፍሎረንስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1442 ባወጣው ውሳኔ ይህንኑ አጽንቷል፤ ከአንድ ዓመት በፊት ከኢየሩሳሌም ገዳም የተላኩ የኢትዮጵያ መነኮሳት በዚያው ከተማ ተገኝተው ነበር።

በኢዮጴ ለቅዱስ ጴጥሮስ የታየው ራእይ በተለይ ሊስተዋል ይገባል። ራእዩ ስለ እንስሳት ነበር፤ ሐዋርያው ግን የተረዳው ስለ ሰው ነው። ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል ተምሮ ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ገባ። ጠፍቶ ስለ ተገኘው ልጅ ስናስተምርም እንጠንቀቅ (ሉቃ. 15)። ልጁ የጠፋው አባቱን ትቶ በመሄዱ እንጂ እሪያ በመጠበቁ አይደለም። እረኝነቱ የጉስቁልናው ምልክት ነበር፤ ኃጢአቱ ግን አልነበረም።

ይህ ነጻነት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ጎንደር ከመቆርቆሯ 80 ዓመት ያህል አስቀድሞ ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ የእሪያን ሥጋ መተው እንደ አይሁድ ሕግን ለመጠበቅ እንዳልሆነ፣ የሚበላውን እንደማይጸየፉ፣ የማይበላውንም እንደማያስገድዱ የሮሜን መልእክት ጠቅሰው አስረድተዋል። መተው ልማድ ነው፤ ልማድም ሊከበር ይገባዋል።

ልማድ ሳይከበር ሲቀር የደረሰውንም እናውቃለን። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግዝረትንና የቅዳሜን ሰንበት ከለከሉ፤ የአገሩንም ሥርዓተ አምልኮ በላቲን ሥርዓት ለመተካት ደከሙ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ የመጡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ (አቡነ ያዕቆብ) ግን የሕዝቡን ቋንቋ ተምረው፣ ልብሱን ለብሰው፣ በግዕዝ ሥርዓት ጸልየው ኖሩ። እውነት ፍቅርን ስትለብስ እንዴት እንደምትታይ ከእርሳቸው እንማራለን።

3. እንግዲህ ምን እናድርግ?

አሳማ ማርባት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ምግብ ሲል ወንድሙ የሚሰናከል ከሆነ ሥጋን ለዘላለም ሊተው እንደሚወድ ጽፏል (1ቆሮ. 8፥13)። መሰናክል ማለት ጎረቤትን ቅር ማሰኘት ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ወደ ክፋት መምራት ነው። ሆኖም ፍቅር ከግዴታ አልፎ የጎረቤትን ቅሬታም ያስባል። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

ሀ. በር ለበር በሚኖርበት የከተማ ግቢ አሳማ አናስገባ። ሽታው፣ ፍሳሹና ጩኸቱ የጎረቤትን ሰላም ይነሣሉ። ቦታ ያለው ቢሆንም አስቀድሞ ጎረቤቶቹንና ቀበሌውን ያማክር።

ለ. ማንም ሰው ሳያውቅ የአሳማ ሥጋ አይሽጥ፣ አያብላ፤ ይህ ማታለልና የሕሊና ግፍ ነው። ክርስቲያን ድግስ ሲያደርግ ለሙስሊም ጎረቤቱ በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ ለብቻ ማሰናዳቱ የቆየ ልማዳችን ነው። ይህን አክብሮት ለኦርቶዶክሳዊውም እንጠብቅለት፤ ድስቱም ቢላዋውም የተለየ ይሁን።

ሐ. ሰውን በሚበላው ወይም በሚሠራው አንናቅ። በጣና ዙሪያ ወይጦዎች ጉማሬ በመብላታቸው ተገልለው ኖረዋል፤ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ቤተ እስራኤላውያንም «ቡዳ» እየተባሉ ተሰድበዋል። ንቀት ከልብ የሚወጣና ሰውን የሚያረክስ ነውና በዚህ እንመርመር። እንደዚሁም አሳማ የሚበላ የማይበላውን «ኋላ ቀር» ብሎ አይሳቅበት።

መ. ጥሪቱ ትንሽ የሆነ የደጋ ቤተሰብ በበግና በዶሮ ቢጀምር ይሻለዋል። መኖው በደጁ፣ ገዢው በገበያው አለና። መብትን ስለ ፍቅር ሳይጠቀሙበት መተው ነጻነትን ማጣት አይደለም፤ የነጻነት ፍሬ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማርቆስ ምዕራፍ 7 ጌታችን ከልብ ይወጣሉ ካላቸው ክፋቶች መካከል በሰፈራችን ጎልቶ የሚታየው የትኛው ነው?

2. በምንኖርበት አካባቢ በሥራው ወይም በምግቡ ምክንያት የሚናቅ ሰው አለን? ወደ ቤቱ ገብተን እናውቃለንን?

3. ለጎረቤታችን ሕሊና ስንል በቅርቡ የተውነው መብት ምንድር ነው?