ጥቃት ያልተመዘገበበት ወረዳ

የሶማሊያን ካርታ ዘርግተው አልሸባብ በአንድ ወር ውስጥ ጥቃት ያደረሰባቸውን ቦታዎች በቀይ ነጥብ ቢያመለክቱ፣ ነጥቦቹ በሞቃዲሾና በዙሪያዋ ባሉት የሸበሌ አካባቢዎች ይደራረባሉ። መካከለኛው ጁባ ግን ከሞላ ጎደል ባዶ ሆኖ ይቀራል። ለጸጥታ ትንተና ሥራ አዲስ የሆነ ሰው ይህን አይቶ በዚያ ያለችው ጂሊብ ከሞቃዲሾ ይልቅ ሰላም የሰፈነባት ከተማ ናት ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጂሊብ የቡድኑ ዋና መቀመጫ እየተባለች ለዓመታት ስትጠራ የኖረች ከተማ ናት። ጥቃት የማይመዘገብባት በውስጧ የሚጠቃ ተቀናቃኝ ስለሌለ ነው።

ስታቲስ ካሊቫስ የተባለ ግሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በ2006 ባሳተመው ጥናት ይህን ጉዳይ በስፋት አብራርቶታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ታጣቂ ኃይል ሙሉ በሙሉ በያዘው ቦታ ሰው ስለሚታዘዘው ብዙ መግደል አያስፈልገውም። ፈጽሞ በማይደርስበት ቦታ ደግሞ ማንን መግደል እንዳለበት የሚጠቁመው ሰው አያገኝም። ግድያ የሚበረታው በመካከል፣ አንዱ ወገን እያየለ ግን ገና ባልጨረሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ለይተው ይያዙ። አንዱ ክስተት ነው፤ ማለትም ቀንና ቦታ ያለው አንድ ድርጊት፣ ፍንዳታ ወይም የተኩስ ልውውጥ። ሌላው ቁጥጥር ነው፤ ሕዝቡ በዕለት ኑሮው ለማን ይታዘዛል የሚለው። የጥቃት ካርታ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ታዲያ ቁጥጥር በምን ይታወቃል? ከሁሉ በፊት በግብር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በአልሸባብ ኬላ ሲከፍል ደረሰኝ ይቀበላል፤ ደረሰኙን እያሳየ በቀጣዮቹ የቡድኑ ኬላዎች ዳግም ሳይከፍል ያልፋል። መንግሥት በያዘው መንገድ ላይ ግን በየኬላው እንደገና ሊጠየቅ ይችላል። ነጋዴው የትኛውን መንገድ እንደሚመርጥ መገመት አይከብድም። የቡድኑ ገቢ በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ ከፊሉ የሚሰበሰበው መንግሥት ካለባት ከራሷ ከሞቃዲሾ ነጋዴዎች ነው። የመሬት ክርክር ያለበት ሰው ወደ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል የሚለውም እንዲሁ ብዙ ይናገራል፤ የከተማ ሰዎች ሳይቀሩ ውሳኔው ቶሎ ስለሚሰጥና ስለሚፈጸም ወደ ቡድኑ ዳኞች የሚሄዱበት ጊዜ አለ።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በባኮል ክልል ሁዱር ከተማ ለዓመታት በመንግሥትና በአጋሮቹ እጅ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ያለውን ገጠር ይዞ መንገዱን የዘጋው አልሸባብ ነበር። በሐምሌ 2022 የቡድኑ ተዋጊዎች ከዚያው ክልል ተነሥተው ዪድና አቶ በተባሉት የድንበር ከተሞች ላይ ጥቃት ከፈቱ፤ ከፊሎቹም ድንበር ተሻግረው ወደ ሶማሌ ክልል አፍዴር ዞን ዘለቁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከድንበሩ ወዲህ የተመዘገበው ጥቃት እጅግ ጥቂት ነበር። ያለፈውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው አደጋው ዝቅተኛ ነው ይል ነበር። ገጠሩን ማን እንደያዘ የጠየቀ ሰው ግን ቢያንስ የቡድኑ አቅም እዚያው አጠገብ እንዳለ ያውቅ ነበር።

እኔ የቁጥር ጠላት አይደለሁም፤ ቁጥሩ እንዴት እንደተወለደ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው የሚያሳስበኝ። ጥር 15 ቀን 2016 ሶማሊያ ውስጥ ኤል አዴ ላይ በነበረው የኬንያ ጦር ሰፈር የደረሰውን ጥቃት እንውሰድ። አልሸባብ ከ100 በላይ ወታደር ገደልኩ አለ፤ የሶማሊያው ፕሬዝዳንት ከሳምንታት በኋላ ወደ 200 የሚጠጋ ቁጥር ጠቀሱ፤ ኬንያ ግን ይህን አልተቀበለችም። ለዚህ ዓይነት ችግር የጦር መረጃ ሰዎች ሁለት መለኪያ ለያይተው ይጠቀማሉ፤ የምንጩን አስተማማኝነት በፊደል፣ የመረጃውን እውነትነት በቁጥር ይመድባሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የማይታመን ምንጭ እውነት ሊናገር፣ የሚታመነውም ሊሳሳት ይችላል። የአልሸባብ ሬዲዮ አንድ ሰፈር አጠቃን ሲል ጥቃት መድረሱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ የገደልነው ይህን ያህል ነው ሲል ግን ቁጥሩን ለብቻው መመርመር ያስፈልጋል። በሌላው ወገን የሚወጡት የመንግሥት መግለጫዎችም የተገደሉ ታጣቂዎችን ሲቆጥሩ እጃቸው ሰፊ ነው።

እስካሁን ያየነው ስለ ታጣቂው ነው። ከግማሽ የማያንሰው ሥራ ግን ፖለቲካውን መከታተል ነው። የፕሬዝዳንት መሐመድ አብዱላሂ ፋርማጆ የሥልጣን ዘመን በየካቲት 2021 አበቃ፤ ምርጫ ግን አልተካሄደም። በሚያዝያ የታችኛው ምክር ቤት ዘመኑን በሁለት ዓመት አራዘመ። የሶማሊያ ጦር አብዛኛው ክፍል ከጎሳ ታጣቂዎች ተሰባስቦ የተደራጀ በመሆኑ፣ አዛዡ ለጎሳው መሪዎች ያለው ታማኝነት ለጠቅላይ መምሪያው ካለው ሊበልጥ ይችላል። እናም ማራዘሙን የተቃወሙ አንዳንድ ክፍሎች በሸበሌ ከያዙት ግንባር ተነሥተው ወደ ዋና ከተማዋ ገቡ። ሚያዝያ 25 ቀን ወታደር ከወታደር ሞቃዲሾ ውስጥ ተታኮሰ። ምክር ቤቱ ውሳኔውን የሻረው ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ ነው። በዚያ ሳምንት ስለ አልሸባብ ከሁሉ የሚጠቅመው መረጃ ቡድኑ ያደረገው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ከፊቱ የነበረው ወታደር መነሣቱ ነበር። በሙያው አመልካች የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው፦ ራሱ አደጋ ሳይሆን አደጋው የሚመጣበት በር መከፈቱን የሚያሳይ ለውጥ።

በ2022 ነሐሴ አካባቢ በሂራን ማአዊስሌ የሚባሉት የጎሳ ታጣቂዎች በአልሸባብ ላይ ተነሡ፤ ጦሩም አብሯቸው ዘምቶ በማዕከላዊ ሶማሊያ ከተማ በከተማ አስለቀቀ። የቁጥጥር ካርታው በወራት ውስጥ ቀለሙን ቀየረ። በዚያን ጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ የተያዘውን ከተማ ነገ የሚጠብቀው ማነው የሚለው ነበር። የጎሳ ታጣቂ በራሱ ምድር ይዋጋል፤ ከዚያ ወጥቶ የሌላውን ጎሳ ከተማ ለወራት ሊጠብቅ አይፈልግም። ነሐሴ 26 ቀን 2023 አልሸባብ ኦስዌን ላይ የነበረውን የጦር ሰፈር አጥቅቶ ከባድ ጉዳት ካደረሰ በኋላ፣ ጦሩ ኤል ዴርንና ጋልአድን ጨምሮ በቅርቡ ከያዛቸው ከተሞች አፈገፈገ። ከኦስዌን በስተቀር ከተሞቹ በአብዛኛው የተለቀቁት ያለ ውጊያ ነው፤ ጥቃት ብቻ በሚቆጥር መዝገብ ውስጥ ሲፈለጉ አይገኙም።