ስለ ሙዚየም ቤት አሠራር

ሙዚየም ማለት የቀድሞ ሰዎች ዕቃና ቅርስ ተሰብስቦ ሕዝብ እንዲያየው የተቀመጠበት ቤት ነው። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ዕቃው ነው። እኛ ግን ስለ ቤቱ ልናወራችሁ ነው። ቤቱም ሰውን ያናግራል፤ አንዳንዴም ያስፈራራል።

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። ቤቱ ገነተ ልዑል የሚባል የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው በ1954 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር የሕዝብ መጎብኛ ሆኗል። ታዲያ የቤተ መንግሥት ግርማ ከግድግዳው ቶሎ አይለቅም። ከገጠር የመጣ ሰው ትልቁ በር ፊት ሲደርስ፣ «ይህ የጌቶች ቤት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ?» ይልና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የፈራ ሰው ደግሞ አይጠይቅም፤ ካልጠየቀ ምን ይማራል?

ከቤቱ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የፋሽስቱን የሥልጣን ዓመታት በደረጃ ቆጥሮ ያሠራው ነው። በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ያንን ሐውልት ለማንበብ ፊደል አያስፈልግም።

ወደ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ዕቃው የተደረደረው በየብሔረሰቡ ተለይቶ አይደለም፤ በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ልጅነት፣ ቀጥሎ ጉልምስና፣ መጨረሻ ሞት። እኛ ይህን አደራደር እንወደዋለን። «የእኛ አገር ክፍል የቱ ነው?» ብሎ ሌላውን ዘሎ ማለፍ አይቻልማ! የሰሜኑም የደቡቡም ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ ሙት ይቀብራል። ስለዚህ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ «እኛም ዘንድ እንዲህ ነው» መባባል ይጀምራሉ።

ከዚያ ቁልቁል ወደ አምስት ኪሎ ሲሄዱ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው፣ የምትታየው በታችኛው ፎቅ ነው። ጎብኚው ወደ እሷ በደረጃ ይወርዳል። የአጥንቷ ቅጂ እንደ ተጋደመ፣ አጠገቡም ቁመቷ ይታያል፤ አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲም ያህል ናት። በቁጥር ያልገባ ነገር እዚያ ጎን ሲቆሙ ይገባል።

አንድ የሚያሳስበን ነገር ግን አለ። መተላለፊያው ጠባብ የሆነ ሙዚየም ሰውን በሰልፍ ይነዳል። ከኋላ ያለው ይገፋል፤ አዲስ አንባቢ ፊደል በፊደል እየለቀመ ጽሑፉን ሳይጨርስ ያልፋል። ደረጃ ብቻ ያለው ቤት ደግሞ ሽማግሌውንና አካል ጉዳተኛውን ውጭ ያስቀራል። ዕቃው መሐል ላይ ቆሞ ዙሪያውን የሚዞሩት ሲሆን ሰው ፊት ለፊት ይተያያል፣ ይጨዋወታል። መቀመጫ ካለ ደግሞ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፤ አሮጊቷም ስለ እንስራው ከጽሑፉ የበለጠ ትናገራለች።