ቮልስና ቪትዝ፦ በጉልበትና በማቀዝቀዣ ሲነጻጸሩ

«የድሮ መኪና ብረት ነው፣ የአሁኑ ቆርቆሮ» የሚለው ክርክር በእኛ ዲፓርትመንት ከወርክሾፕ ወጥቶ ሻይ ቤት ድረስ ይከተለናል። እኔ የቮልስ ደጋፊ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ቁጥሮችና አንድ የራሴ ስህተት ናቸው።

በቁጥሩ ልጀምር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው ባለ 1,200 ሲሲ ቮልስ 34 የፈረስ ጉልበት አለው (አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጉልበቱን የጠየቀ የለም)። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ደግሞ በ1,000 ሲሲ ሞተር 70 ትሰጣለች። ባነሰ ሞተር እጥፍ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቮልሱ እመቃ 7 ለ 1 ሲሆን የእሷ 10 ለ 1 ነው፣ ለአንድ ሲሊንደር አራት ቫልቭ አላት፣ ቤንዚኑንም የሚመጥንላት ኮምፒውተር ነው።

ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣውን ግራት ካሕሱን እንውሰድ። ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ሲጨምር አየሩ 10 በመቶ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ለቆላው የተስተካከለለትን ቤንዚን እዚያም ያፈሳል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ቪትዟ በሴንሰር ለይታ ትቀንሳለች። ለቮልሱም ግን እንፍረድለት፦ ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይሉን የሚሰጠው በደቂቃ 2,000 ዙር ገደማ ላይ ስለሆነ ሳይጮህ ይወጣል፤ እሷ 4,000 ትፈልጋለች።

አሁን ወደ ስህተቴ። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ቺንጋ በሚያዞረው ፋን ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ዳይናሞውም ስለሚቆም የቻርጅ መብራት ይበራል፣ ሹፌሩ ያውቃል። ቪትዝ ግን የምትቀዘቅዘው በውሃ ነው፣ ፋኗም በኤሌክትሪክ ይዞራል። በልምምድ ጊዜዬ እዚሁ ቆቦ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሙቀት የጨመረባት አንዲት ቪትዝ መጣች። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው፤ «እስቲ ልጄ እያት» አሉኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ቺንጋውን ተጫንኩት፣ ደህና ነው። ስትቀዘቅዝ ውሃ ሞላሁና «አባባ፣ ምንም አልሆነችም፣ ይሂዱ» አልኳቸው።

እስከ አላማጣ ሜዳ ነው፤ መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል። ዳገቱ ላይ በአንደኛ ማርሽ ስትሳብ ግን ፈላች። የተቃጠለው የፋኑ ፊውዝ ነበር፣ የጥቂት ብር ዕቃ። ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ጎበጠ፣ ጓርኒሲዮኑም አብሮ ሄደ። ሰውዬው ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እስካሁን የሚያብከነክነኝም ይኸው ነው። ቪትዟን እንደ ቮልስ ነበር የመረመርኳት። ሞተሩን አስነስቼ ኤሲውን ብከፍት ፋኑ ወዲያው መዞር ነበረበት፤ ካልዞረ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን፣ ከዚያ የፋኑን ሞተርና ሴንሰሩን ማየት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የቮልስ ምርት በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ቆሟል፣ በእኛ አገር ግን አሁንም የሚሄድ አለ። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያሉት ቪትዞችም እንደ እሱ በእጃችን ማርጀታቸው አይቀርም። የምንለማመድበት ሞተር ግን ዛሬም ባለ ካርቡራተር ነው። መምህራኖቻችን አንድ የኤሌክትሪክ ፋን ከነሪሌው፣ ከነፊውዙና ከነሴንሰሩ ቦርድ ላይ ቢገጥሙልን፣ ሽቦውን ለመዘርጋት እኔ ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ።